በዝርዝሩ የሌለ ዕቃ

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ። ባትሪው አርጅቷል፤ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ይመኙሻል ጨዋታው ውስጥ ከተደበቁት አሥራ ሁለት ዕቃዎች አሥራ አንዱን አግኝታ ነበር። መቀሱን ከመጋረጃው እጥፋት፣ ማበጠሪያውን ከፒያኖው ጥርሶች መካከል፣ ማንኪያውን ከዓሣው አጽም ጎን አውጥታለች። የቀራት የእጅ ማራገቢያ ብቻ ነው። የጣሪያው ቬንቲላተር እየሰነፈ ሄዶ ቆመ። ላቧን ልትጠርግ ቀና ስትል በሩ ሥር የልጇን የመስከረምን ነጠላ ጫማ አየች።

ልጅቷ ከወጣች አምስት ሰዓት ሆኗታል።

ይመኙሻል ተነስታ አልጋው ሥር አጎነበሰች። ሽፍኑ ጫማ የለም። ሐምሌ ላይ፣ ያ የእሳት ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ ጅቡቲ ውስጥ ሽፍን ጫማ የሚያደርግ ወይ ወታደር ነው ወይ ብዙ መንገድ በእግሩ ሊሄድ የተነሳ ሰው። ይህን ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ኦቦክ ሄደው ከዚያ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ልጆች ሰፈሩ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምግብ አይደለም፤ ጠንካራ ጫማ ነው።

ደግሞ እኮ ዓይኗ እያየ ነው የወጣችው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ይመኙሻል ሙቀቱ ሳይበረታ ኮምፒውተሩን ከፍታ እንደተቀመጠች፣ መስከረም ከኋላዋ መጥታ ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬም ያንኑ ቤት ነው?»

«ሌላ ነው። ይኼ የአንድ ሐኪም ቤት ነው። አየሽ አቧራውን? ይኼን ሁሉ ክፍል አንድ የሚጠርገው ሰው የለም።»

«ለምን አትቀጠሪላቸውም?»

«በሁለት ቀን አጸዳላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚፈለግ ዕቃ አይኖርም፤ ጨዋታውም ያልቃል።»

መስከረም ሳቀች። ጓደኛዋ ሰሚራ ቤት ሄዳ ሳይሞቅ እንደምታጠና ተናገረች፤ የእናቷን ትከሻ ሳመችና ወጣች። ይመኙሻል ዞር ብላ አላየቻትም። መቀሱን እየፈለገች ነበር።

ስልክ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ያው ፈረንሳይኛ የምትናገር ሴትዮ መለሰችላት። የሰሚራን እናት ብትጠይቃት፣ «ሰሚራማ ከአባቷ ጋር ታጁራ ከሄደች ሳምንቷ ነው» አለቻት።

ዘቢባ ጎረቤቷ ናት፤ ሁለቱም የድሬዳዋ ልጆች ናቸው። ከንጋት ጀምሮ ከመንገዱ አፍ ላይ ሳምቡሳ ስለምትጠብስ ማን እንደወጣ ማን እንደገባ ከእሷ አያልፍም።

«አይቻታለሁ» አለች ዘይቱን እያማሰለች። «ቦርሳ ይዛለች። ‹ሳምቡሳ ልስጥሽ› ብላት ‹ስመለስ› አለችኝ።»

«ምን ያህል ቦርሳ?»

«ያው ቦርሳ ነዋ! ምነው ፊትሽ?»

«ሽፍን ጫማ ነው ያደረገችው?»

የዘቢባ ማማሰያ ቆመ። ባለፈው ዓመት የእህቷ ልጅ በዚያው መንገድ ሄዳ እስከ ዛሬ ድምፅዋ አልተሰማም። «እግሯን አላየሁም ወላሂ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ጠንከር አደረገች። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን! ልጅቷ ብታስነጥስ ወባ ነው፣ ብትዘገይ መኪና ገጭቷታል፣ ብትስቅ ወንድ አግኝታለች። ትንሽ ለሰይጣንም ሥራ ተዪለት እንጂ።»

«ፔካ 12 ልሂድ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

ይመኙሻል መንገዱን ጀምራ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ፔካ 12 ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። በእግር የሚሄዱትም ከከተማው ሲወጡ በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት። ሾፌሩ ጎሳዬ የምታውቀው ሰው ነው፤ ድሬዳዋ ላሉት እህቶቿ ዕቃ ያደርስላታል። መኪናው ሥር ባለችው ጥላ ካርቶን አንጥፎ ጋደም ብሎ ነበር።

«እትዬ ይመኙ! እዚህ ምን እግር ጣለሽ? ክፉ ከሆነ ጫቱ እስኪደርስ አትንገሪኝ፤ ባዶ አፌን ክፉ ወሬ አልችልም።»

ስትነግረው ግን ተነስቶ ተቀመጠ። በስልኳ ያለውን የመስከረምን ፎቶ አየ።

«ሲነጋጋ አንድ ቡድን ተነስቷል» አለ። «ሃያ ይሆናሉ። ሦስት ሴቶች አሉበት።»

«ረዘም ያለች አለችበት?»

«ከሩቅ ነው ያየሁት። አንዷ ረዘም ያለች ናት መሰለኝ። ቦርሳ የያዘች።»

«እሷ ናት።»

«እትዬ፣ ቦርሳ ያልያዘ ማን አለ?»

«እሷ ናት አልኩህ!»

ጎሳዬ አልተከራከራትም። ከእነሱ ጋር የሚሠራውን ደላላ የሚያውቅ ሰው እንዳለና ያ ሰው ሲመሽ ብቻ ስልክ እንደሚያነሳ ነገራት። ውሃ ሰጣት፤ አሮጌ ጎማ አንከባሎ ጥላው ውስጥ አስቀመጣት።

እዚያ ጎማ ላይ ስትቀመጥ ጨዋታው አልለቀቃትም። አሠሪዋ ማዳም ኮምፒውተሩን ከሰጠቻት ወዲህ አሥራ አንድ ጨዋታ ጨርሳለች። የሚወደደውንና የማይወደደውን ለይታ ታውቃለች። ሰዓት እየቆጠረ የሚያጣድፈውን አትወድም፤ ሰው ሳይቸኩል ካልፈለገ አያገኝም። ፍንጭ የሚለውን ቁልፍ ነክታው አታውቅም፤ እንደ ስርቆት ነው የምትቆጥረው። ደግሞ ቢላዋውን አንዴ ገመድ ከቆረጠ በኋላ ይጥሉታል። ቤት ያላት ሴት ደህና ቢላዋ ትጥላለች? ግን ፈረንሳይኛ ያስተማራት ማዳም አይደለችም፤ ዝርዝሩ ነው። መዶሻ፣ መቅረዝ፣ ወንፊት፣ ጓንት፤ ስማቸውን እያነበበች ዕቃቸውን በመፈለግ ሦስት መቶ ቃል ሳታውቀው ገብቷታል።

ከሁሉም የሚያናድዳት ታሪኩ ነው። በየጨዋታው አንዲት ሴት ልጅ ትጠፋለች፣ እናትየው ልትፈልጋት ትነሳለች። እናትየው ታዲያ በየበሩ እየቆመች ሥዕል ትገጣጥማለች፣ በሩን ለመክፈት መዘውር ታሽከረክራለች። ይመኙሻል ይኼንን ስታይ «ሴትዮ፣ ልጅሽ!» ብላ ስክሪኑን የተቆጣችበት ቀን አለ። አሁን ግን ቀናችባት። ያቺ ሴት የምትፈልገው ሁሉ ተጽፎ ተሰጥቷታል። ዕቃው ከዚያ ክፍል እንዳልወጣም ታውቃለች። ይመኙሻል ፊት ለፊቷ ያለው ጥቁር ድንጋይና አስፋልት ነው፤ ዝርዝርም የለው፣ ግድግዳም የለው።

ጫቱ ደረሰ፤ ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ። አንዱ «የጎሳዬ ሚስት መጣችበት» ብሎ ቀለደ፤ ጎሳዬ በዓይኑ ገሠጸው። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ይመኙሻል በልቧ ሬሳ ማጓጓዝ፣ ለእህቶቿ ስልክ መደወል፣ የት ማልቀስ እንዳለባት ሳይቀር ጨርሳ ነበር። ልክ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ስልኳ ጮኸ።

«መጥታለች!» አለች ዘቢባ እየጮኸች። «እኔ በር ላይ ተቀምጣ ሳምቡሳ እየበላች ነው። አምስተኛዋ ነው!»

ይመኙሻል ስልኩን ወደ ጎሳዬ ዘረጋች። ጎሳዬ ስልኩን ከእጇ ወስዶ እሱ አመሰገነላት።

ቤት ስትገባ መስከረም እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ነበር። ተረከዟ ተልጧል። ወንበሩ ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ ደረቱ ላይ የማታውቀው የጽዳት ድርጅት ስም ተጠልፎበታል።

«አምቡሊ ነው» አለች ልጅቷ ሳትጠየቅ። «ኤርፖርት። ሽፍን ጫማ ግዴታ ነው። ስልክም ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቆልፉናል። ዘቢባ ነገረችኝ የት እንደነበርሽ። እማዬ፣ እንዴት እኔን...»

ይመኙሻል አልጋው ላይ ተቀመጠች። ደስታው መጥቶ ከደረቷ ሳይደርስ ሌላ ነገር ቀደመው።

«ለእረፍት ጊዜ ነው? እስከ ሴፕቴምበር?»

«ለእረፍት የሚመጣ ተማሪ አይቀጥሩም።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«ትምህርት ትቻለሁ አልኳቸው።»

«እና ትተሻል?»

መስከረም እግሯን ከውሃው አውጥታ በፎጣ ያዘችው።

«አንድ ዓመት ነው የቀረሽ» አለች ይመኙሻል። «አንድ ዓመት! አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ወለል የጠረግሁት አንቺም እንድትጠርጊ ነው?»

«ማዳም መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ነግሬሻለሁ። እረፍቷን ጨርሳ፣ ሴፕቴምበር።»

«እማዬ፣ የማዳም በር ላይ የሚከራይ ቤት የሚል ተለጥፏል። ካየሁት ወር አለፈኝ። ለእረፍት የሚሄድ ሰውስ ኮምፒውተሩን ለሠራተኛው ሰጥቶ ይሄዳል? አሥራ አንድ ጨዋታ የጨረስሽ ሰው ይኼን እንደማላየው ነው የገመትሽው?»

ማዳም የሄደችው በሰኔ ነው፤ ባልየው ተዛውሮ፣ ዕቃው በኮንቴይነር ተጭኖ። ከዚያ ወዲህ ይመኙሻል ሰባት ቤት አንኳኩታለች፤ ሰባቱም ወጣት ይፈልጋሉ። ለልጅቷ ልትነግራት በየማታው ታስብና በየንጋቱ ኮምፒውተሩን ትከፍታለች።

«ልትተኪኝ አይደለም የወለድኩሽ» አለች በመጨረሻ። «ነገ እኔ ልምጣ። ሥራውን ለእኔ ይስጡኝ፤ እለምናቸዋለሁ።»

«ጠይቄልሻለሁ። ከሠላሳ አምስት በላይ አይወስዱም።»

ከውጭ የዘቢባ ሳቅ ይሰማል፤ ድስቷን እያጠበች ከሰው ጋር ትጫወታለች። መስከረም አልጋው ላይ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዛሬ ወንበሮቹ ሥር ምን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ?» አለች። «መነጽር። የሕፃን ካልሲ፣ አንድ እግር። ሙሉ ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ።»

«ጥርስ?»

«ጥርስ! ያለ ጥርሱ የተሳፈረ ሰው አለ።»

ይመኙሻል መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቀች። ከዚያ፣ እንደ ልማዷ፣ «ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«በወረቀት ጽፈን እናስረክባለን። ባለቤቱ ከመጣ ይወስዳል።»

«ከጨዋታው ይሻላል» አለች ይመኙሻል። «ጨዋታው ላይ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።»

ከዚያም «ትምህርት ቤት ሲከፈት እንነጋገራለን» አለች። መስከረም «እሺ» አለች። ይህን እሺ ይመኙሻል ታውቀዋለች፤ ለማዳም በየቀኑ ስትለው የኖረችው እሺ ነው።

ልጅቷ ተኛች። ንጋት አሥር ተኩል ላይ አውቶቡስ አላት። ይመኙሻል የተላጠውን ተረከዝ ቅባት ቀባችው፤ ሸሚዙን አጥባ ከመስኮቱ ፊት ሰቀለችው፤ ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። የዘቢባ የእህት ልጅ ከጠፋች ማታ ጀምሮ ይመኙሻል የበሩን ቁልፍ ነቅላ በትራሷ ሥር ነው የምታሳድረው፤ መስከረም ለመውጣት ስትፈልግ እናቷን መቀስቀስ ነበረባት።

ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው። እጇ ትንሽ እዚያው ቆየ። ከዚያ ሳትነቅለው ተወችው።