የኅዳር ሚካኤል ድምፅ

መሪጌታ ተክለ ማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ በፎገራው ቁሐር ሚካኤል ደብር ዜማ አስተምረው ባለፈው ሐምሌ ሲያርፉ፣ ድምፃቸው የቀረው አንዲት ፍላሽ ላይ ነበር። ተማሪያቸው ዲያቆን ደብረወርቅ ከመስከረም እስከ ሰኔ የየዕለቱን ዜማ በስልኩ ሲቀዳ፣ ወር ባለቀ ቁጥር የወሩን በአንድ ፋይል አምቆ ፍላሿ ላይ ሲያኖር ከረመ። ስልኩንማ የርብን ወንዝ ሲሻገር ውኃ በላው። የሳቸውን አዚያዜም የያዘ ሌላ መምህር የለም፤ ተማሪዎቹ ከዚህ ቅጂ ካልተማሩ አብሯቸው ተቀበረ ማለት ነው።

ፍላሿን የተረከበችው ልጃቸው ትሕትና ናት፤ ወረታ ላይ ኮፒ ቤት ትሠራለች። የታመቀ ፋይል በጠቅታ አልከፈት ሲላት የኮምፒውተሩን ጥቁር መስኮት ከፍታ ትእዛዝ ትጽፋለች። ደንበኛ ቆሞ ሲያያት ደስ ይላታል፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ናት።

ፍላሿ ልትሞላ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ስለዚህ የመስከረሙን ታር በሚባለው ትእዛዝ ፈታችና ቦታ እንዲለቅ ብላ የታመቀውን ሰረዘችው። ጥቅምትን ፈታች፣ ሰረዘች። እንዲህ እያለች ሰኔ ደረሰች። ጥቁሩ መስኮት አንዴም ቃል አልተነፈሰም፤ እሷም ዝምታውን ደህና ነው ብላ ወሰደችው።

ፎልደሩን ስትከፍት ያለው የአንድ ወር ቅጂ ብቻ ነው። አንድ ልደታ፣ አንድ አቦ፣ አንድ ሚካኤል።

ደብረወርቅ ጋ ደውላ ቅጂዎቹን ምን ብሎ እንደሰየማቸው ጠየቀችው። በዕለቱ ታቦት ነዋ፣ ሌላ በምን ይሰየማል አላት። እውነቱን ነው፤ ፎገራ ላይ ቀኑን ማን አሥራ ሁለት ይላል፣ ሚካኤል እንጂ! ወሩን የጻፈው በታመቀው ፋይል ስም ላይ ብቻ ነበር። እሷ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ስትፈታ የጥቅምቱ ሚካኤል የመስከረሙን፣ የኅዳሩ የጥቅምቱን እየደመሰሰ እስከ ሰኔ ወርዷል። ትእዛዙ ልደምስስ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፍታ አየች፤ በዚያ መስኮት የተሰረዘ ቅርጫት ውስጥ አይገባም።

እንዲህ ፈርታ አታውቅም። በልጅነቷ ጎርፍ ቤታቸው የገባ ጊዜ እንኳ አባቷ ትከሻ ላይ ነበረች። አሁን እኒያኑ አባቷን በገዛ ጣቷ ዳግመኛ የገደለቻቸው መሰላት። በሩን ዘግታ መጥፋት ሁሉ አማራት።

የት ትጠፋለች? እናቷ ወይዘሮ አምሳል ከገበያ መልስ ብቅ አሉ። የኅዳር ሚካኤልን፣ የንግሡን ዜማ አሰሚኝ አሏት። ትሕትና እውነቱን መናገር ፈርታ፣ ምናልባት አይለዩት ይሆናል ብላ የቀረውን የሰኔውን ሚካኤል ከፈተችው። አይ ሞኝነት! ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሴት ሊስቱት?

አንድ ሐረግ ተዜመ፤ ሳል ቆረጠው። ድምፁ እንደምንም ተነሣ፤ እንደገና ሳል።

«ይኼማ ከታመሙ ወዲህ ያለው ነው» አሉ ወይዘሮ አምሳል። «የደህናቸውን ክፈችልኝ።»

«የለም እማዬ። ሁሉንም አጠፋሁት።»

እናቷ ወንበር ስበው ተቀመጡና ቅጂው እስኪያልቅ ሰሙት። ትሕትና ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

«ተማሪዎቹ የሰሙትን ነው የሚይዙ» አሉ በመጨረሻ። «ሳሉንም ዜማ ነው ብለው ሊማሩት ነው።»