የኦሪቱ ማጭድ

ሸጌን ያንገበገባት የኦሪቱ መጥፋት አልነበረም። በእሷ ምክንያት ጠፋ መባሉ ነው። ያ ነገር ከጎንደር ገጠር አብሯት ተነሣ፣ አውሮፕላን አብሯት ተሳፈረ፣ እስራኤል አገር፣ ርሖቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብሯት ገባ። ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። አንዷ አፈኛማ ባየቻት ቁጥር «ዕቃችሁን ደብቁ፣ ሸጌ መጣች» እያለች ታስቅባታለች። ሸጌም አብራ ትስቅና ቤቷ ስትደርስ በሩን እስኪሰነጠቅ ታላትመዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ የሸሸ ወታደር ያገኘውን የሚዘርፍበት፣ ወታደሩ ያስተረፈውን ደግሞ ነጋዴ የሚለቅምበት ሰሞን ነበር። የጤና ጣቢያው በር ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ከየደብሩ የብራና መጽሐፉ፣ መስቀሉ፣ ጽዋው በበቅሎ እየተጫነ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ከከተማም ወደ ፈረንጅ አገር።

የሸጌ አባት በመንደራቸው የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ጠባቂ፣ በሙያቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣው የግዕዝ ኦሪት በእሳቸው እጅ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ጥበቃው ለበኩር ልጃቸው ለገዳሙ አለፈ።

ያን ጊዜ ሸጌ ለጋ ልጅ ናት። የወር አበባዋ መጥቶ፣ እንደ ደንቡ፣ ከመንደሩ ዳር ባለችው የመርገም ጎጆ ተቀምጣለች። ጎጆዋ ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮባታል። ሴቲቱ ቀኗ እስኪሞላ ከድንጋዩ አታልፍም፣ ሰውም ወደ እሷ አያልፍም፤ እህሏን እንኳ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውላት ይሄዳሉ። ማለዳ ቀና ስትል ገዳሙ በቅሎ ከያዘ ሰው ጋር ከጸሎት ቤቱ ሲወጣ አየች። የተሸከመውን ነገር በተጠቀለለበት ነጭ ጨርቅ አወቀችው። ተጣራች። እንዳልሰማ ሆነ። ያኔ ድንጋዩን ዘለለችና እየጮኸች ሮጠች።

ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ በቅሎዋ የለችም። ሸጌ ከነመርገሟ ጸሎት ቤቱ አጥር ውስጥ ቆማለች። ገዳሙ መሬት ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ወታደር ዘረፈን አለ። ቀጥሎም፣ ይቺ ልጅ ረክሳ ገብታ የሚጠብቀን አምላክ ተለየን አለ። ሸጌ ያየችውን ተናገረች፤ ሰው ግን አፏን ሳይሆን እግሯን፣ የቆመችበትን ነበር የሚያየው።

በዚያው ሰሞን መንደሩ ተነቅሎ አዲስ አበባ ወረደ፣ ከወራት በኋላም ወደ እስራኤል በረረ። የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦች ቃላቸውን አጠፉ፤ ሸጌ ቆይታ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባች፣ ሊራዝን ወለደችለት፣ እሱም ሞተ። እናቷ በየጾሙ ንስሐ ግቢ ይሏት ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው እጇን ይዘው ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቋት፤ ሸጌ ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ አልልም አለች። እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ አረፉ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ለሰፈሩ የቤተ እስራኤል ቄስ፣ ለቄስ ተዘራ፣ ስልክ ተደወለላቸው። በአቅራቢያው ባለችው በመዝከረት ባትያ የሚኖር አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ሞቶ፣ ልጆቹ ሣጥኑ ውስጥ የግዕዝ ብራና አግኝተዋል። ስለ አሮጌ መጻሕፍት የሚያውቅ ሐጋይ የሚባል ሰው ወክለዋል። ባለቤቱ ከታወቀ ይመለስለት፣ ካልታወቀ ግን ከሰንበት በኋላ ውጭ አገር ሄዶ ይሸጣል ብለዋል። ቄስ ተዘራ ከጎንደር ገጠር የመጡትን ሽማግሌዎች ሁሉ ለሐሙስ ጠዋት ወደ ሰፈሩ ጸሎት ቤት ጠሩ።

ሸጌን የጠራት የለም። ወሬውን ያመጣችላት ሊራዝ ናት፤ አምጥታም ተጸጸተች። መኪናው ውስጥ ሆና «እማ፣ ዳይ፣ በቃ። ምን ያደርግልሻል?» አለቻት።

ሸጌ ቀበቶዋን አሰረችና «ያላ፣ ንጂ» አለች።

ጸሎት ቤቱ ገብተው በሴቶቹ በኩል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። ሸጌ በመጋረጃው ስንጥቅ አየች። ሐጋይ ሣጥኑን ከፍቶ መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። በልጅነቷ ስታየው ትልቅ ነበር፤ አሁን አነሰባት። ሐጋይ አንሥቶ ሲያገላብጠው ግን፣ በታችኛው የእንጨት ሽፋን፣ በገበታው ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ፀጉሩ ያልተፋቀ ዳማ ቆዳ ተሰፍቶበታል።

አባቷ የሠሩት ነው። ገበታው ተሰንጥቆ ነበር። የተሰበረ ማጭድ አግለው፣ ቀጥቅጠው አቅጥነው፣ ስንጥቁ ላይ መቱት። ብረት በቅዱስ መጽሐፍ ላይ አይታይ ብለው ደግሞ በላዩ ቆዳ ሰፉበት። ክንዷ እስኪዝል ወናፍ ያናፋችው ሸጌ ናት። ጉጠቱን የያዘው ገዳሙ ነው።

ሽማግሌዎቹ በየተራ ቀርበው አዩ። አንዱ የእኛን ይመስላል አለ፣ ሌላው እርግጠኛ አይደለሁም አለ። በመጨረሻ ገዳሙ ቀረበ። ነጭ ጺም፣ ነጭ ጋቢ፤ በየሰርጉ የሚመርቅ፣ ስለ ጠፋው ኦሪት በተናገረ ቁጥር ሰው የሚያስለቅስ። መጽሐፉን ገልበጥ አደረገው። አውራ ጣቱ ዳማው ቆዳ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ፀጉሩን በቀስታ፣ ወደ ተኛበት በኩል ዳበሰው።

«የእኛ አይደለም» አለ።

ሐጋይ እርግጠኛ መሆኑን ደግሞ ጠየቀው።

«አይደለም አልኩ እኮ። የእኛ ትልቅ ነበር።»

ሸጌ እስከዚያች ሰዓት ለወንድሟ አንድ ሰበብ ትታለት ነበር። ልጅ ነበር፣ ፈርቶ ነው፣ ቢያገኘው ይመልሰው ነበር ትል ነበር፣ ለማንም ባትነግርም። አሁን ግን መጽሐፉ እጁ ላይ ነበር። ሰው ሳያስገድደው፣ ጠግቦ፣ ዳብሶ፣ ሁለተኛ ሸጠው።

ሻይ ይጠጣ ተብሎ ሰው ሲበተን ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ አገኘችው።

«አያ ገዳሙ፣ ፀጉሩን ስትዳብስ አይቼሃለሁ።»

ግራ ቀኙን አየ። «ቀስ በይ። ልጆቼ እዚሁ ሰፈር ነው የሚኖሩት።»

«የአባባ እጅ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አዲስ አበባ ያን ሁሉ ወር ምን ስትበዪ የከረምሽ ይመስልሻል? እናታችንስ? እሱን ነው የበላችሁት።»

ይህን አታውቅም ነበር። ቧንቧው ይንጠባጠባል። «መሸጥህን አልጠየቅሁህም። ተርበን ነበር፣ ሸጥክ። እሱን ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገርበት። በእኔ ያላከክኸው ለምንድን ነው?» አለችው።

ገዳሙ እጁን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ።

«እዚያ ቆመሽ ነበራ» አለ። «ሰው ሁሉ አንቺን እያየ ነበር። ብዙ ማለት አላስፈለገኝም፣ ግማሹን እነሱ ናቸው የጨረሱልኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ማን ያምንሻል» አለና ጋቢውን አስተካክሎ ገባ።

ሸጌ ተከተለችው። ሊራዝ እጅጌዋን ያዘች፤ አስለቀቀቻት። በወንዶቹ በር ገባች። ቄስ ተዘራ ቀና ብለው «ሸጌ፣ ልጄ፣ የሴቶቹ በወዲያ ነው» አሏት።

«የሴቶቹን በር አውቀዋለሁ፣ አባ።»

ጠረጴዛው ዘንድ ስትደርስ ቆመች። እንደማትነካ ሁሉም እንዲያይ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። «አልነካውም። ከዚህ ቆዳ ሥር ብረት አለ። የማጭድ ስባሪ ነው፤ አባቴ ሲቀጠቅጥ ጥርሱን አላጠፋውም ነበር። ከሌለ እስከ ዛሬ ያላችሁኝን ሁሉ ነኝ።»

ሊራዝ ለሐጋይ በዕብራይስጥ ነገረችው። ሐጋይ ቄሱን አስፈቅዶ፣ ስፌቱ በላላበት በኩል ቆዳውን በስሱ አነሣና በስልኩ አበራበት። ጎንበስ ብሎ ቆየ።

«ማጋል» አለ ቀስ ብሎ፣ ማጭድ ማለቱ ነው። የዛገ፣ ቆልመም ያለ፣ አንድ ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት ነበር። ይህማ የእናንተ ነው አለ፤ ለሟቹ ልጆች እነግራቸዋለሁ፣ እዚሁ ይቀራል።

ቄስ ተዘራ ተነሥተው መጽሐፉን ሳሙት። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ተሰማ። ቄሱ ወደ ገዳሙ ዞረው እንዴት ሳታውቀው ቀረህ ቢሉት፣ ዓይኔ ደክሟል አለ። እርጅና ነው ተባለለት። አንዱ ወንበር አቀረበለት።

ሸጌ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ታያት። መጽሐፉ ይገባል፣ ገዳሙ ይመርቃል፣ እሷ ያው ያስጠፋችው ትሆናለች። ለገዳሙ የቀረበውን የፕላስቲክ ወንበር ሳበችና ጠረጴዛው ፊት፣ በወንዶቹ መሐል ተቀመጠችበት።

«ቤሰደር፣ እሺ ሸጌ፣ ተነሺ እንጂ። መጽሐፉ ተገኘ አይደለም?» አላት አንዱ ሽማግሌ።

«ማን እንደ ሸጠው ይነገር። እስኪነገር ከዚህ አልነሣም።»

ሰው ለመናት፣ ተቆጣት። ደንብ አለ አሏት። ደንቡንማ ከእናንተ ይልቅ እኔ ከፍዬበታለሁ አለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንድሟን ማየት ብቻ ሆነ። ውጭ ዝናቡ ጀመረ። ሊራዝ ሥራ ቦታዋ ደውላ ዛሬ አልመጣም አለችና እናቷ ኋላ መጥታ ቆመች። ሐጋይ ቋንቋው ባይገባውም ሣጥኑን ለመዝጋት እጁን አላነሣም። እልልታው ከበረደ ቆይቷል፤ ቄስ ተዘራ ደግሞ አሁን የሚያዩት ገዳሙን ነበር።

ገዳሙ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ፣ ወለሉን እያየ፣ ለቄሱ ተናገረ።

«የሸጥኩት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም።»

ሁሉም ሸጌ የምትነሣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። ሸጌ አልተነሣችም።

«ለእሳቸው አይደለም» አለችው። «መጥፎው ስም የተለጠፈው እኔ ላይ ነው። ወደዚህ ዙርና በለው።»