ተመለስ ባይ ያጣ ገበያተኛ

በገበያው ዚፕ ነው የሚባለው። የወጣለትን ስም እናቱም ሳትረሳው አልቀረችም። አንድም ዚፕና ቁልፍ ስለሚሸጥ ነው፤ አንድም ፈጣሪ ለሰው ሁሉ አፍ ሲያድል ለእሱ መዝጊያውን ሳይገጥምለት ስለቀረ ነው። ሲከራከር ሦስት ገበያ ሥራ ፈትቶ ያዳምጠዋል፤ ሲስቅ የጣሪያው ሚስማር ይላላል። ከዓለም ሱሪ ግማሹ የሚዘጋው በእሱ ቸርነት እንደሆነ ራሱ መስክሯል፤ ከእሱ የተሻለ ምስክር ደግሞ ከየት ይመጣል።

የሚያበላው ግን ምላሱ ብቻ ሳይሆን እግሩም ነው። አከፋፋዩ ዋጋ ሲጠራ ዚፕ ግማሹን ይላል። አከፋፋዩ ሲስቅ እሱ ይቆጣል። ከዚያ "በል ደህና ዋል፣ የሚያከብረኝ አላጣም" ብሎ ይነሣል። ያ አነሣሥ ዩኒቨርሲቲ ሊከፈትለት የሚገባ ነው፤ ፊቱ ወደ በሩ፣ ጆሮው ወደ ኋላ። ጥቂት ተራምዶ የጫማውን ክር ያጠብቃል። ደግሞ ተራምዶ ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ቤተሰብ ደኅንነት ይጠያየቃል። ደፉ ላይ ሲደርስ ዝናብ እንደራቀው ገበሬ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ያኔ ከኋላው "ና እንጂ፣ አንተ ደግሞ፣ ምን ያስኮርፍሃል፣ ተመለስ" ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ሲነግድ ያንን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም።

ለትምህርት ባሕር የተሻገረውም በዚሁ እግሩ ነው። የነጋዴዎች ማኅበሩ አንድ ሰው መርጦ ከባዕድ ጋር መነገድን እንዲማር ለዓመት ሊልክ መሆኑን ባስታወቀ ሰሞን፣ ዚፕ ከሚስቱ ጋር ምሳ ላይ ተጋጨ። ነገሩ ተራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ማን ይክፈት የሚል።

"እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ" አለ። "ዚፑ የሚሠራበት ፋብሪካ ድረስ ሄጄ፣ ወኪል ሆኜ እመጣለሁ። ዓመት ሙሉ አታዪኝም።"

"ወዴት ጥለኸኝ" የሚለውን ጠበቀ።

"ሸሚዞችህን ልተኩሳቸው?" አለች ሚስቱ።

ማኅበሩም እሱኑ መረጠ፤ እስኪሄድ ድረስ ሻንጣውን ሲያስርና ሲፈታ ከረመ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ክሩን ከማጥበቁ ብዛት ጫማው እግሩን ሊያንቀው ደረሰ። ሚስቱ እጇን አውለበለበች። አውሮፕላን ደግሞ ክር ለሚያጠብቅ ሰው አይቆምም።

በሄደበት አገር ለሁለት ሰው በተሠራ ክፍል ብቻውን አደረጉት። ሁለተኛው አልጋ ፍራሹ እንደ ተጠቀለለ ነበር። ዚፕ መጀመሪያ አልጋውን ሰላም አለው፤ ቀጥሎ የቀን ውሎውን ነገረው፤ በኋላማ ይከራከረው ጀመር፤ እንዲህ ያለ ግትር ተከራካሪ በሕይወቱ አልገጠመውም። ትምህርት ቤት አብረውት የሚማሩት በዕድሜ ልጆቹ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ይመጣሉ፣ ሰክተው ይሄዳሉ። ምግብ ቤቱ ሥዕል በጣት እየነኩ የሚያዙበት ነው፤ አፍ ለመብላት ብቻ ያገለግላል። ቀኑን ሙሉ ያናገረው የአሳንሰሩ ድምፅ ብቻ የሆነበት ቀን ነበር። እሱም ፎቅ ቆጥሮለት ዝም አለ። ዚፕ ግን "አመሰግናለሁ" ሳይለው አልወረደም።

ስልክ ላይ ሌላ ነው።

"እሜቴ፣ ሰው መቀመጫ አሳጣኝ" ይላል ሚስቱን። "ትናንት አገሩ ሁሉ እራት ጋብዞኝ፣ ማንን ይዤ ማንን ልተው።"

"እሰይ" ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ድምፅህ ግን ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ይመስላል" ትላለች።

"አዳራሽ ስለሆነ ነው።"

ዓመቱ ሲጋመስ መምህርቷ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከእውነተኛ ድርጅት ጋር የሚደራደርበት ቀን ያዘችለት። የዚፕ ዕጣ የዚፕ ፋብሪካ ሆነ። ወኪል ይፈልጋሉ፤ ከተስማማ ወኪልነቱ የእሱ ነው፤ ካልተስማማ ሁለተኛ ቀጠሮ የለም። ዚፕ ደግሞ ወኪል መሆኑን ለገበያው ሁሉ በስልክ ካበሰረ ቆይቷል። ወዳጆቹ ለመጋዘኑ ቤት እያፈላለጉለት ነበር።

የሽያጭ ኃላፊዋ ቀጭን፣ ባለመነጽር ሴት ናት። በወረቀት ኩባያ ውኃ አቀረበችለት። የሁለቱም ባልሆነው፣ ሁለቱም እየተደናቀፉ በሚናገሩት ቋንቋ ዋጋዋን ነገረችው። ዚፕ ግማሹን አለ። አልሳቀችም። ጻፈችው። ሰው ሳይስቅበት እንዴት እንደሚቆጣ ግራ ገባው፤ ቢሆንም ተቆጣ። እሷ ቁጣውንም የጻፈችው መሰለው።

"ደህና ዋይ" ብሎ ተነሣ።

ክሩን አጠበቀ። ሰላም የሚለው ሰው ቢያጣ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው እሳት ማጥፊያ እጅ ነሣ። ደፉ ላይ ቆሞ ሽቅብ አየ፤ ሰማይ አልነበረም፣ የኮሪደሩ መብራት ነው። ጆሮውን እንደ ጥንቸል አቆመ። ከኋላው የመጣው የበሩ ድምፅ ነበር፤ ራሱን በራሱ የሚዘጋ በር ኖሯል።

ኮሪደሩ ላይ ቆየ። አሳንሰሩ ፎቅ ቆጥሮ አወረደው። መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ተቀምጦ ወደ ኃላፊዋ መስኮት አንጋጠጠ። ማንም ብቅ አላለም። አንዱ አውቶቡስ መጣና ሄደ፤ ሌላውም። ስልኩን አወጣና ሚስቱ ጋ ደወለ። ሱቅ ነበረች፤ የደንበኛ ጫጫታ ይሰማል።

"እንዴት ነው ጌታው፣ ፈረሙልህ?"

"ፋብሪካው እንዳለ ወጥቶ ነው የተቀበለኝ፣ እሜቴ..." ብሎ ጀመረና አቆመ። የራሱ ድምፅ ደከመው። "ያኔ ግን ለምንድነው ተመለስ ያላልሽኝ?"

"የቱ ያኔ?"

"አውሮፕላን ማረፊያው።"

ጫጫታው ራቅ አለ፤ ወደ ጓዳ የገባች መሰለው። "ዞር ብለህ ታየኛለህ ብዬ ነዋ" አለች። "አንተ ጫማህን ታያለህ። ዕድሜ ልኬን ስጠራህ ኖርኩ፤ ከምሳ፣ ከኩርፊያ፣ ከየሰው ሱቅ። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠራ ይመጣ እንደሆን ልየው ብዬ ነው።"

ዚፕ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አላላ። ይህ በታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

"አሁን የት ነህ?"

"ከፋብሪካው ደጅ።"

"ወጥተህ ነው፣ ገና ልትገባ?"

"ወጥቼ።"

"ጠሩህ?"

"አልጠሩኝም።"

"እና እግርህ ታሟል?" አለች። ከወዲያ አንድ ደንበኛ ጮኸባት። "መጣሁ እህቴ! በል ቻው።"

ፎቁን በእግሩ ወጣው፤ አሳንሰሩ እንኳ ማፈሩን እንዲያይበት አልፈለገም። ያ በር ከባድ ነበር፤ እሱ ኋላ ሲያወራው ከተማ የሚያህል በር ነበር። አንኳኳ። ኃላፊዋ ኩባያውን ገና አላነሣችውም።

"አዝናለሁ" አለ። "በእኛ ዘንድ የሄደ ሰው ይጠራል።"

መነጽሯን አወለቀች። "እኔ ደግሞ አልፈለጉም ብዬ አከበርኩዎት" አለች። "የሄደን ሰው መጥራት መለመን ይሆንብኛል።" ከዚያ፣ ዋጋ ሳትነካ፣ "ስንት ሱቅ አለዎት?" ብላ ጠየቀችው።

የዚፕ ምላስ ከሠላሳ በታች መቁጠር አታውቅም። ዓይኑን ጫማው ላይ ሊተክል ሲል ቀና አደረገው።

"አንድ" አለ። "ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ሚስቴ ናት የምትከፍታት።"

ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወኪልነቱን አልሰጠችውም፤ ለአንድ ሱቅ የሚበቃ ዕቃ በሙከራ እንድትልክ፣ ከተሸጠ እንደገና እንዲነጋገሩ ተስማሙ። ስታሰናብተው የናሙና ካርቶን አሸከመችው።

ካርቶኑን ይዞ በአውቶቡስ ተመለሰ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ተኝቷል። ክፍሉ ሲደርስ ካርቶኑን በዚያ በባዶው አልጋ ላይ፣ ከተጠቀለለው ፍራሽ አጠገብ አኖረው። ለገበያው ሰዎች እውነቱን መንገር ይቀረዋል፤ መጋዘኑን ተዉት ማለት። ቀሪው ግማሽ ዓመትም አለ፤ እሱን አጋኖ ማሳጠር አልተቻለውም።

ለሚስቱ "ሳልጠራ ተመልሼ ገባሁ" ብሎ መልእክት ላከላት። ሱቅ ላይ ናት፤ ቶሎ አታየውም።

ከካርቶኑ አንድ ረጅም የሻንጣ ዚፕ አወጣ። ከፈተው፤ ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም።