በባከነ ሰዓት የተሰጠ ኳስ

መንገደኛው በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ክለብ ቀያይሯል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የስድስተኛው ክለብ ጓደኞቹ ናቸው፤ ገና ልብሱን ከሻንጣ አውጥቶ ሳይጨርስ ሌላ ውል ይመጣለታል እያሉ ሲቀልዱበት። ሰውዬው ወረተኛ ሆኖ አልነበረም። አማካይ ነበር፤ ያውም ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የሌላውን ጥፋት የሚያርም፣ ኳስ ነጥቆ ለሚያምርበት ሰው የሚያቀብል አማካይ። እንዲህ ያለውን ተጫዋች ክለቦች ሲቸግራቸው ይፈልጉታል፣ ሲደላቸው ይረሱታል። ለጎል አግቢው ይዘፈንለታል፤ ለእሱ ቢጤ የአውቶቡስ ቲኬት ይቆረጥለታል።

በኳስ ተጫዋቾች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። የቀድሞ ክለቡ ላይ ጎል ያገባ ሰው አይጨፍርም። እጁን ዝቅ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ይመለሳል፤ የበላበትን ቤት ማክበር ነው። ለሌላው ይህ በዓመት አንዴ ቢያጋጥም ነው። መንገደኛው ግን ያልተጫወተበት ክለብ ስለሌለ ጎል ባገባ ቁጥር ሐዘንተኛ ነበር። ይሄ ሰው ከተደሰተ ስንት ዓመቱ ነው ይሉ ነበር ጓደኞቹ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያዎቹ አረንጓዴዎቹ ነበሩ። እዚያ አምስት ዓመት ቆየ፤ ሌላ ቦታ ይህን ያህል ቆይቶ አያውቅም። ያስገባውም ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድምየው የአረንጓዴዎቹ ትጥቅ ያዥ ነው፤ ማልያ ያጥባል፣ ያጥፋል፣ የጫማ ጥርስ ያጠብቃል፤ ከመልበሻ ክፍሉ ጎን ያለችውን፣ የሳሙናና የላብ ሽታ የማይለያትን ክፍል ሃያ አራት ዓመት ሲከፍታትና ሲዘጋት ኖሯል። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ታናሹን ያሳደገው እሱ፣ ኳስ ማቀበል ያስተማረውም እሱ ነው። ኳስ የሚሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለሜዳ አይደለም ይለው ነበር፤ መስጠትህ ካልቀረ አይተህ ስጥ። መንገደኛው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶትም ታላቁን የሚጠራው "ጋሼ" ብሎ ነው።

እንግዲህ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰና መንገደኛው በአሥራ አንደኛው ክለቡ፣ በነጮቹ ማልያ፣ አረንጓዴዎቹ ሜዳ ላይ ተሰለፈ። አረንጓዴዎቹ አቻ ከወጡ በሊጉ ይቆያሉ፤ ከተሸነፉ ይወርዳሉ። ከወረዱ ደግሞ ክለቡ ግማሹን ሠራተኛ እንደሚያሰናብት፣ ትጥቅ ያዡም ከነሱ አንዱ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ነጮቹ አንድ ለባዶ እየመሩ ዘጠናው ደቂቃ አለቀ። በባከነው ሰዓት ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ኳሷ መንገደኛው እግር ሥር ገባች። ማንም አልተጫነውም። ቀና ብሎ አየና በገዛ ተከላካዮቹ መሐል ሰንጥቆ ለአረንጓዴዎቹ አጥቂ አቀበለ። እንዴት ያለች ኳስ መሰለቻችሁ! ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ያማረ ኳስ አልተሰጠም። አጥቂው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ አገባ። መንገደኛው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

አረንጓዴዎቹ ተረፉ። በእነሱ ፋንታ የወረደው ክለብ በማግስቱ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አቤቱታ አስገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የመንገደኛውን ስም አንስተው የማያውቁ የሬዲዮ ሰዎች ድሮም ጠርጥረነው ነበር አሉ። ጋዜጣው ከጀርባው የተነሳ ፎቶግራፍ አወጣ፤ ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ከሥሩም "ለወንድሙ" የሚል ጽሑፍ።

እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዘጠነኛው ክለቡ፣ አንዲት ኳስ በቴስታ ሊመልስ ዘሎ ከሌላ ተጫዋች ጭንቅላት ጋር ተጋጨ። ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሲነቃ ደህና ነኝ አለና ጨዋታውን ጨረሰ። ኳስ ተጫዋች ምንም ባይማር ደህና ነኝ ማለትን ይማራል። ከዚያ ወዲህ ግን አንዳንድ ጠዋት የትኛው ከተማ እንዳለ ለማወቅ መስኮት ከፍቶ መንገዱን ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ሰተት ብሎ የተጋጣሚ መልበሻ ክፍል ገብቶ ልብሱን ማውለቅ ያዘ። ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ሞተ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው፤ እሱም ቀልድ አስመሰለው። በኋላ ዘዴ አበጀ። ኳስ ከመስጠቱ በፊት የራሱን እጅጌ ቁልቁል ያያል፤ የለበሰውን ቀለም አይቶ ነው ቀና የሚለው። ተመልካቹ ይህን እርጋታ ብሎ ጠራው። እሱ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ለማንም አልተናገረም።

የዚያን ቀን እጅጌውን አላየም። ያ ሜዳ፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር የሚጮኸው ያ ሕዝብ፣ ከፊቱ የሚሮጠው ያ አረንጓዴ ማልያ፤ ለሦስት ሰከንድ ያህል ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ የሚሮጠውም የራሱ ቡድን ልጅ ነበር። ሰጠው፤ ገባ፤ ተደሰተ። ለዓመታት ያልተደሰተውን ሁሉ ነው የተደሰተው። ያስቆመው የራሱ ነጭ እጅጌ ነው፤ እጁን ሲዘረጋ ዐይኑ ላይ መጣበት።

ፎቶግራፉ ያልያዘውን ፊቱን ግን ወንድሙ አይቷል። ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጀርባ ቆሞ፣ ሲስቅ አይቶታል። ሰኞ ጠዋት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር ለክለቡ ጸሐፊ አስረከበ፤ በተሰረቀ ጨዋታ በተረፈ ወንበር ላይ አልቀመጥም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። መሄጃ ኖሮት አይደለም። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ማልያ ከማጠብ በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም።

መንገደኛው ይህን ሲሰማ ቤቱ ድረስ ሄደ። ወንድምየው በሩን ገርበብ አድርጎ በመሐሉ ቆመ፤ ግባም አላለው።

"ለእኔ ብለህ ከሆነ ገደልከኝ" አለው። "ለሌላ ብለህ ከሆነ ደግሞ ወንድም የለኝም።"

"ተሳስቼ ነው፣ ጋሼ።"

"የአንተን እግር እኔ አላውቀውም?"

በሩ ተዘጋ። የቀረውን ነገር በበሩ ቀዳዳም ቢሆን ሊነግረው ይችል ነበር፤ አልነገረውም። አሥራ ሁለተኛ ክለብ እየጠበቀው ነበር። አንድ ዓመት ተጫዋች፣ ከዚያ በኋላ የወጣቶች አሰልጣኝ፤ በዕድሜው "ሦስት ዓመት" የሚል ውል ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የገዛ ልጆቹ ደብተራቸው ሳያልቅ ትምህርት ቤት ሲቀይሩ ያደጉ ናቸው፤ ሚስቱም መጋረጃ መስፋት ትታለች፣ የሚቀጥለው ቤት መስኮት ስፋቱ አይታወቅምና። የጭንቅላቱ ነገር ከወጣ ግን ፊርማውን የሚያኖር የክለብ ሐኪም አይገኝም። ከአንድ ሰው ያለፈ ምስጢር ደግሞ ምስጢር አይሆንም።

የነጮቹ ክለብ ጠበቃ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰለት። ሣሩ ረጥቦ ነበር፣ እግርህ አዳለጠህ። እጅህን ያነሳኸው አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ነው ብለህ ለመስመር ዳኛው ለማሳየት ነው። ማስረጃ የላቸውም፣ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አትጨምር አለው። ደግሞ የምትናገረው ሁሉ አንተ ከኮሚቴው ሕንፃ ደረጃ ሳትወርድ አዲሱ ክለብ ጆሮ ይደርሳል።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተሰበሰበው በአሥረኛው ቀን፣ ረጅም ጠረጴዛና አንድ የማይዘጋ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ወንድምየውን ጠሩት። ከጨዋታው በፊት ከታናሽህ ጋር ተነጋግራችኋል ወይ አሉት፤ እስከዚያ ቀን መንፈቅ ሙሉ ድምፁንም አልሰማሁም አለ። እውነቱን ነው። ታናሹ ፊት ላይ ስላየው ሳቅ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ወንድሙን በገዛ አፉ ማስወንጀል አልሆነለትም፤ መዋሸትም አይችልበትም። ሄዶ ከኋላ፣ ከአረንጓዴዎቹ ጸሐፊ አጠገብ ተቀመጠ። እጁ ሳሙና እንደበላው ነው።

ከዚያ መንገደኛው ተነሳ። ጠበቃው እንዳስጠናው ጀመረ፤ ሣሩ ረጥቦ ነበር፣ እግሬ አዳለጠኝ። የኮሚቴው ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እነሱም ጉዳዩን ዘግተው ወደ ቤታቸው መሄድ ነው የፈለጉት። እጄን ያነሳሁት ደግሞ ሲል፣ ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ወንድሙ ተነስቶ ኮፍያውን እየያዘ ነበር። አልተቆጣም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ድካም ብቻ ነው፣ ቀብር ቆሞ ቆይቶ የሚሄድ ሰው ድካም። መንገደኛው ይህ ሰው በዚህ በር ከወጣ ዳግመኛ እንደማያገኘው ገባው።

"ቆይ፣ ጋሼ" አለ። ከዚያም ወደ ጠረጴዛው ዞሮ "እግሬ አላዳለጠኝም" አለ። "ለማን እንደምሰጥ አይቼ ነው የሰጠሁት። የእኛ ልጅ መስሎኝ ነው። የትኛውን ማልያ እንደለበስኩ አላውቅም ነበር።"

ከኮሚቴው አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ጠበቃው በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው፤ ዘግይቷል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀና አንድ ሰው የለበሰውን ማልያ እንዴት አያውቅም ሲል ጠየቀው።

መንገደኛው ሁሉንም ተናገረ። የቴስታውን ግጭት፣ የመስኮቶቹን ነገር፣ የተሳሳተውን መልበሻ ክፍል፣ የእጅጌውን ዘዴ። ዛሬ ጠዋት የታክሲ ሹፌሩን ስታዲየም አጠገብ ውሰደኝ ብሎት፣ የትኛው ስታዲየም ሲለው መመለስ እንዳቃተው ተናገረ። ሲናገር የሚያየው ኮሚቴውን አልነበረም። ያ የሳቀው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምር ጀመር። ወንድምየው ኮፍያውን እንደያዘ በቆመበት ቀረ።

ውሳኔው ረጅም አልነበረም። የጨዋታውን ውጤት ለመቀየር ታስቦ የተደረገ ነገር አልተገኘም፤ ተጫዋቹ ግን የሐኪም ማስረጃ እስኪያቀርብ በየትኛውም ክለብ አይሰለፍም። ጠበቃው ወረቀቱን ሰብስቦ፣ አዲሱ ክለብ ስልክ ይደውልልሃል ብሎት ወጣ። ስልኩ የጮኸው ኮሪደሩ ላይ እያለ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ትሑት ነበር፤ እግዜር ይማርህ አለው። ክለቡ ለጤንነቱ ሲል ነገሩን እንደተወው አስረዳው። መንገደኛውም አመሰገነው።

ወንድምየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። የክለቡ ጸሐፊ በአጠገቡ ሲያልፍ ደብዳቤህ አልደረሰኝም፣ ነገ በሰዓትህ ግባ ብሎት ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ደስ ያለው አይመስልም። መንገደኛው ከጎኑ ተቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ዓመት።"

"ለማን ነግረሃል?"

"ለአንተና ለእነሱ፣ አሁን።"

ወንድምየው አሥር ቀን ሙሉ በልቡ ሌባ ሲለው የከረመ ሰው ነው፤ አሁን ንጹሕ ሆኖ አገኘው፤ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። አፉ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

"ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር" አለው። "ሌባ ይመከራል።"

መንገደኛው በዕድሜው የሚያውቀው ኳስ ማቀበል እንጂ ሰው ማጽናናት አልነበረም። ትከሻውን ወደ ወንድሙ ትከሻ አስጠጋ፤ ታላቁም አልሸሸም። ከፊታቸው ሰው ይወጣል ይወርዳል፤ አንዳንዱ መንገደኛውን ለይቶ ዞር ብሎ ያየዋል። ወንድምየው በመጨረሻ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈ፣ እጁንም ዘረጋለት።

"ነገ ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ" አለው። "ጠዋት ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ።"

"ነገ ጠዋት ልምምድ አለብኝ፣ ጋሼ።"

ወንድምየው አየው። ቀልድ እንደሆነ ፊቱ ላይ ፈለገ፤ አልነበረም። የየትኛው ክለብ ልምምድ ሊለው አፉን ከፈተ፣ ግን አላለውም።

"እሺ" አለው። "ከልምምዱ በኋላ እንሄዳለን።"