በሶዳ የተላጠው ማጣሪያ

በወተት ፋብሪካው ማጣሪያ የምታጥበውን ሴት ሁሉም «አይሆንም» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው፤ ምንም ቢሏት መልሷ እሱ ነው።

አጓቱ በስሱ የፕላስቲክ ማጣሪያ ሲያልፍ ስቡ ይለጠፍና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እሷ ደግሞ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ በፍል ውሃና ስብ በሚያሟሟው ኃይለኛ ኬሚካል፣ በኮስቲክ ሶዳ፣ ታጥበዋለች። እንፋሎቱ ደረቷን ስለሚያስቆጣው ክረምት ከበጋ በሩን ከፍታ ነው የምትሠራው፤ ያም ሆኖ ሳሉ ቤቷ ድረስ ይሸኛታል።

አንድ ቀን ወጣት ኬሚስት አዲስ ማጣሪያ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ስብ እንዳይዘው ሽፋን ቀብቼዋለሁ። ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል፤ ሶዳ እንዳያስነኩብኝ።»

ሴትየዋ በሆዷ አይሆንም አለች። ቅባት የነካው ዕቃ በለብታ ጠርቶ ያውቃል? ልጅቷ ዞር ስትልላት፣ ሃያ ዓመት እንደለመደችው በፍል ሶዳ ለቀለቀችው።

በማግስቱ ማጣሪያው ገና በጠዋቱ ተደፈነ። ኬሚስቷ አውጥታ ገልብጣ አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቀመሬ አልሠራም ማለት ነው» አለች ለኃላፊው።

«እንግዲያው ይብቃን። ወደ ድሮው እንመለስ።»

ልጅቷ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ሴትየዋ መጥረጊያዋን ጨብጣ ቆማለች። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ከተናገረች ግን ሊያባርሯት ይችላሉ።

«አይሆንም!» አለች። «የልጅቷ ጥፋት አይደለም። በሶዳ የፈጀሁት እኔ ነኝ።»

የኃላፊው ዓይን ፈጠጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን እንኳ እሺ ብትይ ምን ነበረበት?»

ኬሚስቷ ግን ዕቃዋን ጥላ መጥታ ጉንጯን ሳመቻት።

«እትዬ፣ እንኳን ነገሩኝ! ሽፋኑን ላዩ ላይ ቀባሁት እንጂ ከፕላስቲኩ ጋር አላዋሃድኩትም፤ ሶዳው የላጠው ለዚህ ነው። ዛሬ እርስዎ ባያጥቡት ነገ ሌላ ሰው በሶዳ ማጠቡ አይቀርም ነበር። አለቃ፣ ሁለት ወር ይስጡኝ።»

«ለሁለታችሁም ሁለት ወር!» አለ ኃላፊው እየተነጫነጨ።

ኬሚስቷ በቀጠሮዋ ተመለሰች። አሁን ሽፋኑን በኬሚካል አስራ የፕላስቲኩ አካል አድርጋዋለች።

«በሉ እትዬ፣ እንደ ልማድዎ ይፍጁልኝ!»

ሴትየዋም አልራራችለትም። ሦስት ቀን ሙሉ ፍል ሶዳ አወረደችበት፤ ሽፋኑ ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ቀን ለብ ያለ ውሃ ብትለቅበት ስቡ እየተንሸራተተ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሶዳ የምትነካው በወር አንዴ ብቻ ሆነ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለቻት። «ደረቴን መለስሽልኝ።»

«ኧረ አመስጋኟ እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አይሆንም!»

ሁለቱም ሳቁ። ውጭ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ሴትየዋ ሄደችና የማጠቢያ ክፍሉን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግታ ሥራዋን ቀጠለች።