ሞተሩ ውስጥ የተገኘው መሐረብ

የተክላይ ቀኝ ክንድ በሞተሩና በጋቢናው መካከል እስከ ትከሻው ገብቶ አልወጣ ብሎታል። ጉንጩን ትኩስ ብረት እየለበለበው ጣቶቹ ያገኙትን ላለመልቀቅ ጥርሱን ነከሰ። ይህን መኪና የሠራው ሰውዬ፣ መካኒክም እጅ እንዳለው ትዝ አላለውም እያለ በሆዱ ረገመው።

"ተሰብሯል!" አለ ለራሱ። "አፉ ተሰብሯል።"

አፉ የሚለው ሞተሩ አየር እየሳበ ፍሬኑን የሚያግዝበት ቱቦ የሚታሰርበትን ናስ ነው። እሱ ከተሰበረ ሞተሩ አጉል አየር እየሳበ ይንተፋተፋል። ፍሬኑም አጋዥ አጥቶ በሁለት እግር ቢረግጡት እሺ አይልም።

የገረመው ግን ሞተሩ አለመንተፋተፉ ነው። ጠዋት ሹፌሩ ካሣሁን መኪናውን ከአትክልት ተራ ነድቶ ፒያሳ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሲያስገባው ድምፁ ደህና ነበር። ባለቤቱ አቶ ሽኩር ዘይት ይቀየር ብለው ነው የላኩት። ካሣሁንም "ከዘይቱ ሌላ ምንም አትንካብኝ" ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሆኖም ሲያቆም አጥሩን ሊገጨው ለጥቂት ነበርና ተክላይ ነገሩ ከነከነው። ጋቢና ወጥቶ ፍሬኑን ቢረግጠው ድንጋይ ሆነበት።

ቀኝ ክንዱን እየተላጠ አውጥቶ ረጅሙን ፒንሳ ሰደደና ቀዳዳውን የደፈነውን ነገር ጎትቶ አወጣው። ዘይት የጠጣ ጥቁር ጨርቅ ነው። ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ሲያሸው ቀይ ክር ብቅ አለ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥግ ላይ የተጠለፈች ትንሽ ወፍ።

ተክላይ በድንጋጤ ክው አለ። ወፏን ያውቃታል። እህቱ አክበረት ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ስትጠልፋት ለማን እንደሆነ እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ሲያያት ነበር። ከአክሱም ይዟት ከመጣ ወዲህ አባቷም ወንድሟም እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የካሣሁን ሽማግሌዎች መጥተው "ለሳምንት ተመለሱ" ብሏቸዋል። ሳምንቱ ዛሬ ነው። "ሰጥቻለሁ" ሊላቸው ቆርጧል፤ ለአክበረትም ነግሯታል።

ካሣሁን አፉን እየጠረገ ተመለሰ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለው ተክላይ ጨርቁን ዘርግቶ።

የካሣሁን ፊት አመድ መሰለ። "ጋሼ ተክላይ... ከሱሉልታ ድንች ጭኜ ስመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ አልሄድ አለኝ። ቀዳዳውን ብደፍነው ነፍስ ዘራ።"

"ቁልቁለቱስ?"

ካሣሁን ጨርቁን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

"እንጦጦን በምን ወረድክ ነው የምልህ!"

"በማርሽና በእጅ ፍሬን። መጨረሻ ላይ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አታክኬ ነው ያቆምኳት።"

"ሰው ነበር?"

"ድንቹ ላይ ገበያተኞች ነበሩ።" ዓይኑን ከተክላይ አሸሸ። "ጋቢና ደግሞ... አክበረት።"

ተክላይ አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ አለ። አክበረት ከሱሉልታ ለቅሶ ስትመለስ በአውቶቡስ መጣሁ ነበር ያለችው። እህቱ ልትሞትበት ነበር፤ እሱ እዚህ ቡሎን ሲፈታ።

"ያ እኮ ሳምንት አለፈው። በዚህ ጨርቅ ነው ስትነዳ የከረምከው?"

"ናሱን የሰበርኩት እኔው ነኝ፣ ላጠብቅ ብዬ። ጋሼ ሽኩር ቢሰሙ ከመሪው ያወርዱኛል። ሽማግሌ ልኬ ሥራ ፈት ነኝ ልበል? ቀለበቱ ካለፈ በኋላ ላሠራው ነበር፣ ኃይለ ሥላሴ ይሙት!" ይህን እያለ ጋቢናው ላይ ተንጠላጠለ። "አሁን ገበያተኛ ይጠብቀኛል። ላድርስና ልመለስ።"

"በንጉሥ አምላክ!" ሲል ተክላይ ጮኸ።

በዚህ ቃል የተጠራ ሰው ንቅንቅ አይልም። ካሣሁን አንድ እግሩ ደረጃው ላይ እንዳለ ቆመ። ግቢው ውስጥ መዶሻ የያዙት ሁሉ እጃቸውን አቆሙ።

"በንጉሥ አምላክ ብዬሃለሁ፣ ውረድ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ለአቶ ሽኩር ራስህ ትነግራቸዋለህ።"

"እሺ" አለ ካሣሁን ወርዶ፤ አንገቱን እንደደፋ ከግቢው ወጣ።

ተክላይ አዲስ ናስ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ አስገብቶ ጥርሱን አወጣለት፣ በግራ እጁ እየዳበሰ አሰረው። ፍሬኑን ሲረግጠው እሺ ብሎ ወረደ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ለዚህች ነው ያ ሁሉ ነፍስ በጨርቅ የተያዘው!

ሠራተኛ ሰፈር ቤቱ ሲደርስ አክበረት ከጎረቤት የተዋሰቻቸውን ወንበሮች ትደረድራለች። መሐረቡን አሳያት።

"ዋይ ኣነ! ከየት አገኘኸው?"

"ከሞተሩ ውስጥ፣ ዛሬ ጠዋት።"

"ዛሬ? አይሆንም! በማግስቱ አሠራሁት ብሎ በእናቱ ምሎልኛል።" የያዘችውን ወንበር ለቀቀች። "ጨርቁን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ ላይ ዝለዪ አለኝ። አንተስ ስለው፣ ድንቹ ላይ ያሉትን ጥዬ የት እሄዳለሁ አለኝ። እንደዚያ ዕለት ወድጄው አላውቅም።"

"ለአቶ ሽኩር ይነግራቸዋል። ከነገራቸው እኔም ቃሌን አላጥፍም" አላት።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ከወንበሮቹ ፊት ቆሙ፤ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። የፊተኛው አቶ ሽኩር ናቸው። ካሣሁንን ከረዳትነት አንሥተው ለመሪ ያበቁት እሳቸው ናቸውና ከእሳቸው በላይ ሽማግሌ የለውም።

"በቀጠሯችን መጥተናል" አሉ አቶ ሽኩር ፈገግ ብለው። "ልጃችን ጥንቁቅ ነው። መኪናዬን ሰጥቼው አንድ ቀን እንቅልፍ አልነሣኝም፣ ወላሂ! እንግዲህ ተቀመጡ በለን።"

ካሣሁን አልነገራቸውም። ተክላይ ወደ ጓዳው መጋረጃ ዞረ። የአክበረት ጣቶች የመጋረጃውን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል። "ተቀመጡ" ቢል ሁሉም ደስ ብሎት ይውላል፤ ናሱ እንደሆነ ተጠግኗል፣ የሞተም የለም። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከኪሱ መሐረቡን አወጣና መዳፋቸው ላይ አኖረው።

"ይህን ይዘው ካሣሁንን ይጠይቁት። ሳይደብቅ ከነገረዎት ተመልሰው ይምጡ፣ ቤቱ ቤትዎ ነው።"

"ምንድን ነው ይሄ? እኛ የመጣነው ለመልስ አይደለም እንዴ!"

"መልሱ እሱ ዘንድ ነው፣ አቶ ሽኩር።"

ሽማግሌዎቹ ተያይተው፣ ሳይቀመጡ ወጡ። ሽማግሌ አቁሞ መመለስ ነውር ነው፤ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። አክበረት ከጓዳ ወጥታ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ለጎረቤት ትመልስ ጀመር። ተክላይ ሊያግዛት የመጨረሻውን አነሣ።

"እሱን ተወው" አለችው።

"የሰው ወንበር እኮ ነው።"

"ነገ እመልሰዋለሁ። ራሱ መጥቶ የሚናገር ከሆነ መቀመጫ አይጣ።"

ወንበሩን ከእጁ ተቀብላ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችው።