በሽቦ የታሰረው ዘንግ

ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሎታል። አንዲት ብሎን ትንሽ ዘንበል ካለችበት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ፈትቶ እንደገና ያስራታል። የሌላ መካኒክ ሥራ ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ የሚያዝነው ደግሞ ለመኪናዋ እንጂ ለባለቤቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ታዲያ ደፍሮ የሚነግረው አይገኝም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ የብሎኬት ነጋዴ ፒክአፕ እየነዳ ወደ ጋራዡ መጣ። ሚሊሜትር መኪናዋን ገና በር ላይ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። የታናሽ ወንድሙ መኪና ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ኮረኮንቹ ላይ ሆዷ ድንጋይ እየነካ ሲያስቸግር፣ ከፊትም ከኋላም ከፍ ያደረጋት እሱ ራሱ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ታናሽየው ሲሚንቶ ጭኖ፣ አባታቸውን ከጎኑ አስቀምጦ ቁልቁለት ሲወርድ ከግንብ ጋር አጋጫት። የአባትየው ዳሌ ተሰበረ።

«ባዶዋን ስትሆን ምንም አትልም» አለ ነጋዴው። «ስጭናት ግን ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ኋላዋ እየገፋኝ ይሄዳል። ሁለት ጋራዥ አሳየሁ፤ የፍሬን ሸራ ቀይረው ሰደዱኝ።»

«ተዋትና ከሰዓት በኋላ ና።»

መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁሞ ከሥር ገባ። እንዲህ ያለ ፒክአፕ የኋላ ጎማዎቹን ከሚያያይዘው አክስል ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለው። ጭነት ሲበዛ የመኪናው አካል ዝቅ ይላል፣ ዘንጉም ይገፋል፤ ያኔ ላይ ያለችው ቫልቭ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ፍሬን ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች። መኪና ከፍ ከተደረገ ግን ዘንጉ አይደርስም፤ መቀጠያ ተሠርቶለት እንደገና መለካት አለበት። አለዚያ ቫልቯ ሁልጊዜ ባዶ መኪና ላይ ያለች ይመስላታል። ይህን ሚሊሜትር ተኝቶም ያውቀዋል።

የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ አበራ። ዘንጉ ከአክስሉ ተፈትቶ፣ ወደ ጎን ተደርጎ፣ ከሻንሲው ጋር በሽቦ ታስሯል። ሦስት ዙር፤ ከዚያ የሰው እጅ እንዳይቧጥጥ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ሽቦ እንዲህ አድርጎ የሚያስር ከእሱ ሌላ ሰው አያውቅም።

ትዝ አለው። ቅዳሜ ነበር። መቀጠያውን የሚበይድለት በያጅ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ታናሽየው በር ላይ ቆሞ «ወንድም ጋሼ፣ አላለቀም?» እያለ ይነዘንዘዋል። እስከ ሰኞ ብሎ አሰረው። ሰኞ ሌላ መኪና መጣ፤ ማክሰኞም እንዲሁ። «እስክጨርሰው ጭነት እንዳትጭንባት» የምትል አንዲት ቃል እንኳ ከአፉ አልወጣችም።

ይህ ብቻ ቢሆን ሰው ነው፣ ይረሳል ተብሎ ይታለፋል። እሱ ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ሳሎን ታናሽየው «ረግጫለሁ፤ እስከ ወለሉ ረግጫለሁ፣ እምቢ አለችኝ» ሲል ተነስቶ ፈረደበት። «ያን ፍሬን የሠራሁት እኔ ነኝ። ብትረግጠው ኖሮ ትቆም ነበር። ደንግጠህ አልረገጥክም።» መኪናዋንም ዓይኔ አያያትም አለ። ሌላ ጋራዥ ፊቷ ተቃንቶ ተሸጠች። አባትየው በከዘራ እያነከሰ ሁለት ዓመት ኖረ፤ ታናሽ ልጁ በገባ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። አምና ሞተ። ታናሽየው መንጃ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ከጋራዡ ማዶ ቀለም መደብር ተቀጠረ። በእግሩ ይመጣል፣ በእግሩ ይሄዳል።

ሚሊሜትር ሽቦውን ቆርጦ ኪሱ ከተተ። መቀጠያውን አስበየደ፣ ዘንጉን ገጠመ፣ የአሸዋ ጆንያ ጭኖ ቁመቱን ለካ፣ ያረጀውን የፍሬን ቱቦ ለወጠ። ሦስት ዓመት የቆየው ሥራ ሁለት ሰዓት አልፈጀም፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ አንገበገበው። የቀረው ከፍሬኑ ቱቦ አየሩን ማስወጣት ነው፤ ለዚያ አንድ ሰው ላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ይከፍታል። ሠራተኛ መጥራት ይችል ነበር። ሽቦውን ማንም ሳያይ መጣልም ይችል ነበር፤ ይህን አላሰበም ብል እዋሻለሁ።

መንገዱን ተሻገረ። ታናሽየው ቀለም ያማስል ነበር። ሽቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት።

«ያቺ መኪና ጋራዥ መጥታለች። የኋላ ፍሬኗ ጭነት አይችልም ነበር። እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ እመለስበታለሁ ብዬ ረሳሁት። አንተ ረግጠሃል። በሰው ፊት ያዋረድኩህ በከንቱ ነው።»

ታናሽየው ሽቦውን አንስቶ የተቆለመመውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ልጅ ሳሉ ብስክሌቱ ስትፈታበት ታላቁ እንዲህ ነበር የሚያስርለት።

«አባባ ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው» አለ።

ሚሊሜትር ይቅር በለኝ ሊል ፈልጎ ቃሉ አነሰበት፤ አፉ ወደለመደው ሥራ ሸሸ። «አየር ማስወጣት ቀርቶኛል። የሚረግጥልኝ…» ብሎ ተወው፤ በራሱም አፈረ።

ታናሽየው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተከተለው። የጋቢናው በር ላይ ሲደርስ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ገብቶ መሪው ፊት ተቀመጠ።

«ርገጥ» አለ ሚሊሜትር ከጉድጓዱ።

«ረግጫለሁ።»

«ያዝ።» ከፈተው፤ ዘይቱ አረፋ ይዞ ወጣ። ዘጋው። «ልቀቅ።»

ግራውን ጨርሰው ወደ ቀኙ ዞሩ። ድሮ ብዙ መኪና አብረው እንዲህ ጨርሰዋል፤ ድምፃቸውም መንገዱን አልረሳም። በመጨረሻ ጥርት ያለ ዘይት ወጣ፤ ሚሊሜትር ዘጋው።

«ልቀቅ።»

ፔዳሉ ሲመለስ ሲጥ ይል ነበር። አሁን ግን አላለም።

«አለቀ እኮ፣ ልቀቅ።»

ታናሽየው እግሩን ከፔዳሉ አላነሳም።

«ወንድም ጋሼ» አለ ታናሽየው፣ «ያን ቀንም እንዲህ ነው የያዝኩት።»

ሚሊሜትር ቁልፉን እንደጨበጠ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመ። እንደገና ልቀቅ ሊለው አፉ እምቢ አለው።